ከፎቶው ሥር የጠፉት ስሞች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ለጋዜጣ ደብዳቤ ስጽፍ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ቢረዝምባችሁ ቆርጣችሁ አውጡት። ሐዋሳ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አሁን የምኖረው ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ ኢንግልውድ ነው። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት የሌሊት ተረኛ ሆኜ እሠራለሁ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ።

እህቴ አዲስ አበባ ናት። ባለፈው ሰሞን የስፖርት ገጻችሁን በስልኳ አንስታ ላከችልኝ። የባሕር ዳርቻ መረብ ኳስ የሚጫወቱ ሁለት ሴቶች ፎቶ አለበት። አንዷ አየር ላይ ናት፤ ሌላዋ አሸዋው ላይ ተንበርክካለች። ከሥሩ የጻፋችሁት አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ጨርቅ የተወደደበት ስፖርት» ይላል። ስማቸው የለም። የየት አገር ልጆች እንደሆኑ የለም። ስንት ለስንት እንደወጡም የለም። እህቴ ደግሞ «የልጅሽ ስፖርት ይሄ ነው እንዴ?» ብላ የሳቅ ምልክት ደርድራበታለች።

አዎ፣ የልጄ ስፖርት ይሄ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆናት።

እውነቱን ለመናገር እኔም ከናንተ የተሻልኩ አልነበርኩም። መጀመሪያ ቀን ልምምድ ስወስዳት ነጠላ ይዤ ነው አሸዋው ላይ የወረድኩት። ለብርድ ነው አልኩ። ጁላይ ነበር። ልጄ ነጠላውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ምንም ሳትል ሮጣ ጓደኞቿ ጋ ሄደች። እኔም ነጠላዬን አንጥፌ ተቀመጥኩበት። እስከ ዛሬ አሸዋው አልወጣለትም።

ሐዋሳ ተማሪ እያለሁ እኔም መረብ ኳስ ተጫውቻለሁ። ያው ባለ ስድስቱን ማለቴ ነው። ሜዳችን አፈር ነበር፤ መረባችን የዓሣ አጥማጆች አሮጌ መረብ። ሴቶቹ ከሱሪ ላይ ቀሚስ ደርበን ነበር የምንጫወተው። ዘልዬ ስወርድ ቀሚሴ ተረከዜ ሥር ይገባል። ከግጥሚያ በፊት አቧራው እንዲያርፍ ሜዳውን በባልዲ ውኃ እናርሰዋለን። ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ አሸዋው እግር ስላቃጠለ በጎማ ውኃ ሲያጠጡት በቴሌቪዥን ሳይ ብቻዬን ሳቅኩ። እኛ ያለ ጎማ ሠርተነዋል።

እንግዲህ ስለ ሥራው ልንገራችሁ። ሥራ ነው የምለው፣ ጨዋታ ብቻ ስላልሆነ ነው። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሜዳው 16 ሜትር በ8 ሜትር ነው። የሴቶች መረብ ቁመቱ 2 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር። በየጎኑ ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚቆመው። ተቀያሪ የለም። ጓደኛሽ ቁርጭምጭሚቷ ከዞረ ጨዋታው አለቀ፤ ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ ቤትሽ ነው። ለብዙ ዓመት አሠልጣኝ በጨዋታ መሀል ምክር መስጠት ራሱ ክልክል ነበር። ንፋሱና ፀሐዩ ለአንድ ወገን ብቻ እንዳያደሉ በየሰባት ነጥቡ ጎን ይቀያየራሉ። አንድ ዙር 21 ነጥብ ነው። አንድ ለአንድ ከሆኑ ሦስተኛው ዙር በ15 ያልቃል። (ዙር የምለው እንደ እንግሊዝኛው ‹ሴት› ብዬ ብጽፍ «በሁለት ሴት አሸነፉ» ሆኖ ሌላ ጣጣ እንዳይመጣ ነው።)

የሚከብደው ደግሞ ይሄ ነው። ተጋጣሚዎች ከሁለቱ ደካማዋን ይለያሉ። ከዚያ ሙሉ ጨዋታውን ኳስ የሚልኩት እሷ ላይ ነው። ትቀበላለች፣ ጓደኛዋ ታመቻችላታለች፣ ሮጣ ትዘላለች፣ ትመታለች። አሁንም እሷ። አሁንም እሷ። አርባ ደቂቃ በጥልቅ አሸዋ ውስጥ። እኔ ሌሊት ሙሉ ቆሜ ነው የምሠራው፣ ድካም አውቃለሁ። የዚህኛው ድካም ግን ሕዝብ እያየሽ ነው።

ልጄ መጀመሪያ ያስተማረችኝ የጣት ምልክቱን ነው። ኳሱ ከመመታቱ በፊት መረቡ ሥር ያለችው ተጫዋች ሁለቱን እጆቿን ከጀርባዋ ታደርጋለች። ከኋላ ያለችው ጓደኛዋ ብቻ እንድታየው ነው። አንድ ጣት ካወጣች «መስመሩን እዘጋለሁ» ማለት ነው፤ በሜዳው ጠርዝ ቀጥታ የሚመጣውን ምት። ሁለት ጣት «አግድሙን እዘጋለሁ»፤ ሰያፍ የሚመጣውን። ክፍት የቀረውን ጓደኛዋ ትጠብቃለች። ጡጫ ከሆነ «አልዘልም፣ ወደ ኋላ እመለሳለሁ»። ግራ እጇ በግራ በኩል ስላለችው ተጋጣሚ ይናገራል፣ ቀኝ እጇ በቀኝ በኩል ስላለችው። በቀደም ዕለት ልምምድ ላይ አንዷ ልጅ ሁለት ጣት አሳይታ መስመሩን ዘጋች። የኔዋ ምልክቱን አምና ወደ መስመሩ ሮጣ ነበር። ኳሱ በሌላ በኩል ወረደ፤ እሷም ለመመለስ ስትጣጣር በፊቷ አሸዋው ላይ ተተከለች። ከዚያ ተያዩ። ቃል አልተናገሩም። ልጄ አሸዋውን ተፋች፣ እጇን ዘርግታ የጓደኛዋን እጅ መታችና ቦታዋ ተመለሰች። ያንን ፊቷን ቤት ውስጥ አይቼው አላውቅም። ቤት ውስጥ ሳህን እጠቢ ሲባል እንኳ ሌላ ሰው ናት።

በጣት ጫፍ ኳስን ከመረቡ ባሻገር ጠብ ማድረግም ክልክል ነው። እኛ ሐዋሳ ነጥብ የምንሰርቀው በዚያ ነበር። እዚህ ጣትሽን አጥፈሽ በመገጣጠሚያው ነው የምትገፊው። እኔ ሞክሬው ኳሱ መረቡ ሥር ወደቀ። የልጄ አሠልጣኝ አጨበጨበልኝ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ስም አላወጣችሁም ብዬ ከስሼ ራሴ ስም ሳልጠራ መቅረት የለብኝም። አንዷን ልንገራችሁ። ኤፕሪል ሮስ ትባላለች። 1982 የተወለደች የካሊፎርኒያ ልጅ ናት። በባለ ስድስቱ መረብ ኳስ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ጊዜ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን ሆናለች። ከዚያ ፖርቶ ሪኮ ሄዳ በባለሙያነት ተጫወተች። ወደ አሸዋው በደንብ የገባችው 2006 ላይ ነው። 2009 ከጄኒፈር ኬሲ ጋር ኖርዌይ ውስጥ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች።

በዓመቱ ምን ሆነ መሰላችሁ? አሜሪካ ውስጥ ውድድሩን የሚያዘጋጀው ኤቪፒ የሚባለው ድርጅት የውድድር ዘመኑ ሳያልቅ ገንዘብ አልቆበት ቆመ። የዓለም ሻምፒዮን ነሽ፣ የምትሠሪበት ቤት ተዘጋ። እነዚህ ሴቶች እንደ እግር ኳስ ተጫዋች ክለብ ቀጥሯቸው ወር ጠብቀው አይበሉም። ገቢያቸው በአብዛኛው የሽልማት ገንዘብና ስፖንሰር ነው። ያሸነፉትን ለሁለት ይካፈላሉ። አሠልጣኙን የሚቀጥሩትም፣ አውሮፕላኑን የሚቆርጡትም ራሳቸው ናቸው። ለሽልማት የማያበቃ ደረጃ ይዘሽ ከሌላ አህጉር ስትመለሺ ከኪስሽ ከፍለሽ ሠርተሻል ማለት ነው። ይሄን ሳውቅ ልጄን «ነርሲንግስ?» አልኳት። እናት ነኝ፣ ምን ላድርግ።

2012 ለንደን ኦሊምፒክ። ሮስና ኬሲ በግማሽ ፍጻሜው የዓለም ሻምፒዮን የነበሩትን ብራዚላውያን አሸንፈው ፍጻሜ ደረሱ። የጠበቋቸው ሌሎች አሜሪካውያን ናቸው፤ ሚስቲ ሜይ ትሬነርና ኬሪ ዋልሽ ጄኒንግስ። እነዚህ ሁለቱ አቴንስ 2004ን አሸንፈዋል፣ ቤጂንግ 2008ን አሸንፈዋል። በቤጂንጉ ሰሞን 112 ግጥሚያ በተከታታይ ሳይሸነፉ ሄደዋል። መቶ አሥራ ሁለት! ለንደንንም 21 ለ 16፣ 21 ለ 16 ወሰዱት። ኬሪ ያንን ፍጻሜ ስትጫወት የአምስት ሳምንት ነፍሰ ጡር ነበረች። ሦስተኛ ልጇ ናት። ሚስቲ ደግሞ እናቷ 2002 ላይ በሞት ተለይታት ነበር። አቴንስ ስታሸንፍ የእናቷን አመድ ይዛ ሄዳ አሸዋው ላይ በተነችው። የኛ ወግ አይደለም፤ እኔ ግን ያንን ስሰማ አለቀስኩ። የኔም እናት ሳልደርስላት ነው የሄደችው።

ወደ ኤፕሪል ሮስ ልመለስ። የብር ሜዳሊያዋን ይዛ ቤቷ ገባች። ሚስቲ ከለንደን በኋላ ጫማዋን ሰቀለች፤ ጫማ ባይኖራትም። ኬሪ ተጣማሪ አጣች። ማንን ያዘች? ፍጻሜው ላይ ያሸነፈቻትን ኤፕሪልን። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። ወርቅ የነጠቀችሽ ሴት አጠገብ ቆመሽ፣ የጣት ምልክቷን ከጀርባዋ እያነበብሽ አራት ዓመት መሥራት። እኛ ቀበሌ ውስጥ በዕቁብ የተጣሉ ሴቶች ስንት ዓመት ተኳርፈው እንደኖሩ አውቃለሁ።

ሪዮ 2016 ኮፓካባና ላይ በግማሽ ፍጻሜ በአጋታና ባርባራ ተሸነፉ። ብራዚል ውስጥ፣ በብራዚላውያን፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል። ኬሪ በኦሊምፒክ አሸዋ ላይ ስትሸነፍ ያ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ በፊት ትከሻዋን አምስት ጊዜ ቀዶ ሕክምና አድርጋለች። ለነሐሱ ላሪሳና ታሊታን ገጠሙ። የመጀመሪያውን ዙር ተሸነፉ፣ ሁለተኛውን አሸነፉ፣ ሦስተኛውን 15 ለ 9 ጨረሱት።

2017 ላይ ተለያዩ። ኤቪፒ ያቀረበውን ውል ኬሪ አልፈርምም አለች፣ ኤፕሪል ፈረመች። በዚህ ስፖርት መለያየት እንደ ፍቺ ነው፤ ንብረት የለም እንጂ። ኤፕሪል ከሎረን ፌንድሪክ ጋር ተጣምራ በዚያው ዓመት ቪየና ላይ በዓለም ሻምፒዮና ሁለተኛ ወጣች። ከዚያ አሊክስ ክላይንማን መጣች። አሊክስ እዚሁ እኛ አጠገብ ማንሃታን ቢች ያደገች፣ በጣም ረጅም ልጅ ናት። በባለ ስድስቱ ለሪዮ ቡድን ሳትመረጥ ቀርታ ነው ወደ አሸዋ የመጣችው። ኤፕሪል እንግዲህ በዚህ ዕድሜዋ አዲስ ተማሪ ይዛ ከሀ ሁ ጀመረች።

ቶኪዮ ላይ፣ ኦገስት 2021፣ አውስትራሊያውያኑን 21 ለ 15፣ 21 ለ 16 አሸንፈው ወርቅ ወሰዱ። ኤፕሪል 39 ዓመቷ ነበር። ብር፣ ነሐስ፣ ወርቅ፤ ከሦስት ተጣማሪ ጋር። ኬሪስ? ቶኪዮ አልደረሰችም። አንድ አገር ከሁለት ጥንድ በላይ መላክ አይችልም። እሷና ብሩክ ስዌት እስከ መጨረሻው ድረስ ቦታውን ይዘው ነበር። ኬሊ ክሌስና ሣራ ስፖንሲል የሚባሉ ሁለት ወጣቶች በመጨረሻዎቹ ውድድሮች ነጥብ ሰብስበው አለፏቸው። ሦስት ወርቅ ያላት የ42 ዓመት ሴት እቤቷ ቀረች። ይሄን ዓይነቱን ነገር ነው ከፎቶው ሥር ልታስነብቡን የሚገባችሁ።

አሁን ስለ ጨርቁ። ዝም ብዬ ላልፈው ነበር፣ ግን ርዕሳችሁ እሱ ስለሆነ አላለፍኩትም። እስከ 2012 ድረስ የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሕግ ሴቶቹ ቢኪኒ ወይም አንድ ወጥ የዋና ልብስ የመሰለ እንዲለብሱ ያዝዝ ነበር። የቢኪኒው የጎን ስፋት ከ7 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ተብሎ ተጽፎበታል። አስቡት፣ ማስመሪያ ይዞ ተቀምጦ ይሄን የወሰነ ሰው ነበረ። የወንዶቹ ቁምጣ ግን ቁምጣ ነው። ማሾፍ ካማራችሁ በማስመሪያው ላይ ነበር። 2012 ላይ ሕጉ ላላና ቁምጣና እጅጌ ያለው ልብስ ተፈቀደ።

በአራተኛው ዓመት ሪዮ ላይ የግብፅዋ ዶአ ኤልጎባሺ ሂጃብ አድርጋ፣ እጇንና እግሯን ሸፍና ተጫወተች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ተጣማሪዋ ናዳ መዋድ ሂጃብ አላደረገችም፤ ሁለቱ አንድ ቡድን ናቸው። በኋላ ወርቁን የወሰዱት ጀርመናውያን አሸነፏቸው። ያ ፎቶ በዓለም ዞረ፤ እዚያም ላይ ስለ ልብሱ ብዙ ተጻፈ፣ ስለ ኳሱ ትንሽ። ዶአ ፓሪስ 2024 ላይ ተመልሳ መጥታለች፣ ከማርዋ አብዱልሃዲ ጋር፣ በአይፍል ታወር ሥር። ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጎረቤታችን ኬንያ ጋውደንሲያ ማኮካንና ብራክሲደስ ካዳምቢን ልካለች። ለኬንያ በዚህ ስፖርት የመጀመሪያ ኦሊምፒኳ ነው። ኬንያ ባሕር አላት ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን ይሄ ስፖርት የሚፈልገው አሸዋ እንጂ ባሕር አይደለም። ለንደን ላይ የተጫወቱት የንግሥቲቱ ፈረሰኞች ሰልፍ የሚያሳዩበት አደባባይ ላይ አሸዋ አፍስሰው ነው። ላንጋኖ ዳር ያለው አሸዋ ማንም ሳያፈስሰው እዚያው ተኝቷል።

የኔ ልጅ ብርድ ሲሆን ረጅም ታይት ትለብሳለች። ሲሞቅ አጭሩን። አሸዋው ሲያቃጥል ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ካልሲ አላት፤ ዋጋው አይነገርም። ምን እንደምትለብስ ከእንግዲህ አልጠይቃትም። የምጠይቃት ማን ላይ ሰርቭ እንደምታደርግ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ነጠላዋን ራሷ ታወጣለች።

ለወላጆች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ እህቴም ታንብበው። እዚህ አገር የሴቶች የባሕር ዳርቻ መረብ ኳስ ከ2016 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲዎች ብሔራዊ ሻምፒዮና አለው። ዩኒቨርሲቲዎቹ በዚህ ስፖርት የትምህርት ወጪ ይሸፍናሉ፤ ሙሉ ለሙሉ ባይሆን በከፊል። ልጄ ያንን ታገኝ እንደሆነ አላውቅም። ቁመቷ የአባቷን ጠብቄ ነበር፣ የኔን ወሰደች። ግን ከኋላ ሆና ኳስ ማንሳት ትችላለች፤ በዚህ ስፖርት አጭርም እንጀራ አለው።

በየዓመቱ ኦገስት ላይ ማንሃታን ቢች ትልቁ ውድድር ይደረጋል። ከ1960 ጀምሮ ያለ ነው። ከሌሊት ሥራ ወጥቼ በቀጥታ ሄጄ አውቃለሁ፣ የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ። ወደ ባሕሩ ዘልቆ የገባው ድልድይ ላይ የአሸናፊዎቹ ስም በነሐስ ተቀርጾ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። የሚስቲም የኬሪም አለ። ሰው እየረገጠው፣ ዓሣ አጥማጁ ባልዲውን እያስቀመጠበት። ልጄ ግን አትረግጠውም። ዞር ብላ ታልፋለች፤ ማንም አላስተማራትም።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። በዚያ ፎቶ ላይ ያሉትን ሁለት ሴቶች ስማቸውን ፈልጋችሁ በሚቀጥለው እትም አውጡልን። ውጤቱንም። አንድ መስመር ይበቃል፤ የድሮውም አንድ መስመር ነበር።

2028 ኦሊምፒኩ እዚሁ ሎስ አንጀለስ ነው። ለሩጫው ጋዜጠኛ መላካችሁ አይቀርም። አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ አሸዋው ብቅ ይበል። የጣት ምልክቱን ልጄ ታስረዳዋለች። ቡና እኔ አፈላለሁ። ባርኔጣ ይዞ ይምጣ።

አንዲት የሐዋሳ ልጅ
ኢንግልውድ፣ ካሊፎርኒያ